የወይዘሮዋ ዋስ

አያ ገላነህ መሞታቸውን የሰማሁት በስልክ ነው። የወንድማቸው ልጅ ዘላለም ደውሎ «ቲቸር፣ አጎቴ አረፉ። ትናንት ቀበርናቸው» አለኝ። «ትናንት ቀብረህ ዛሬ ትነግረኛለህ?» ብዬ ጮህኩበት። «ኔትወርክ አልነበረም» አለ። ኔትወርክ! ለሰርጉ ሲጠራኝ ኔትወርኩ ከየት መጥቶ ነበር? ብቻ ሐዘንተኛ ነው ብዬ አፌን ዘጋሁ።

በነጋታው ከደብረ ማርቆስ እስከ ሮብ ገበያ በሚኒባስ፣ ከዚያ ወዲያ እንደ ድሮዬ በእግሬ ሄጄ ለሰልስቱ ደረስኩ። ሜዳው በሰው ሞልቷል። በአገሩ ወግ ወንድ ሲሞት ልብሱ፣ ጠመንጃው፣ ፈረሱ ከለቅሶው መሃል ይወጣል፤ አልቃሿ እሱን እያየች ሙያውን ትቆጥራለች። አያ ገላነህ ፈረስ አልነበራቸውም፤ የሰው ፈረስ ለጉመው አቁመዋል። ጠመንጃም ይዘው አያውቁም፤ የማን እንደሆነ እንጃ፣ አንድ ክላሽ ወንበር ላይ ተጋድሟል። እሱን እንኳ እሺ፣ ለክብር ነው እንበል። ከሁሉ መሃል ግን በሁለት ቀጫጭን የባሕር ዛፍ እንጨት ተወጥሮ የቆመ የነብር ቆዳ አየሁ።

ያንን ቆዳ አውቀዋለሁ። ፀጉሩ ቢረግፍም፣ ጠርዙን ብል ቢበላውም፣ ከብብቱ ሥር ባለችው የጥይት ቀዳዳ ለየሁት። እትዬ ብርቄ የምትባለው የሰፈሩ አልቃሽ ደግሞ ደረቷን እየደቃች ታወርደዋለች፦

«ነብር ገዳይ ጀግና፣ የገደሉ ጌታ፣
ከእንግዲህ ማን አለ፣ አውሬው ሲመጣ ማታ!»

ወንዱም እየተነሳ «ዘራፍ!» ይላል። ነብር ገዳይ! አያ ገላነህን ነው እኮ! ወይ ነዶ! ሌላ ምንም ቢሏቸው እችለው ነበር። ስስታም ይበሏቸው፣ ነገረኛ ይበሏቸው፣ ነገረኛስ ነበሩ። ይህን ግን እንዴት ልቻለው? ለምን እንደተንጨረጨርኩ እንዲገባችሁ ሰውየው ማን እንደነበሩ ልንገራችሁ።

ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ነው፣ ገና ከመምህራን ማሰልጠኛ እንደወጣሁ እዚያ ቀበሌ የተመደብኩት። ቤት ስፈልግ ወደ አያ ገላነህ ግቢ ላኩኝ። ረጅም፣ ደረቅ ያሉ፣ ሁልጊዜ አንድ ሰንበሌጥ በጥርሳቸው የሚይዙ ሰው ናቸው። ኪራዩንም፣ ከየት እንደመጣሁም ሳይጠይቁኝ «ትጮሂያለሽ?» አሉኝ።

«ምን?»

«ጧት ጧት የምትጮሂ ከሆነ ቤቱ አይሆንሽም። ወይዘሮዋ ጩኸት አትወድም።»

ባለቤታቸው የታመሙ መስሎኝ በጫፍ እግሬ ስራመድ ሰነበትኩ። አንድ ቀን እንዲያውም ጥሩ ሽሮ ሠርቼ በሳህን ይዤ ሄድኩና «ለእትዬ ያድርሱልኝ» ብላቸው፣ ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያ መሬት ላይ ዝርፍጥ ብለው እስኪቀመጡ ሳቁ። ለካ ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ልጅም አልነበራቸውም። «ነይ፣ ላሳይሽ» ብለው ሽሮዬን እንደያዝኩ ከግቢው ጀርባ ወሰዱኝ።

ከግቢው ጀርባ መሬቱ ትንሽ ወረድ ይልና በአንድ ጊዜ ገደል ይሆናል። ከገደሉ አፋፍ ላይ የእሳቸው መቀመጫ የሆነች ጠፍጣፋ ድንጋይ አለች። ማዶ፣ ከወንዙ ወዲያ፣ ጧትና አመሻሽ ፀሐይ የሚያርፍበት ሰፊ እርከን አለ። ጣታቸውን ቀስረው አሳዩኝ። መጀመሪያ ድንጋይ ብቻ ነው ያየሁት። ከዚያ አንዱ ድንጋይ ጅራቱን አነሳ።

ሽሮው ከእጄ ወደቀ። ነብር! ያውም አንድ አይደለም፣ ሦስት ናቸው! እናትየዋ በፊት እግሮቿ ላይ አገጯን አስደግፋ ተኝታለች፤ ሁለቱ ልጆቿ፣ ልጅ ማለት ከተቻለ፣ ቁመታቸው ከእሷ እኩል ሆኗል። አንዱ ወንድ ነው፣ አንደኛዋ ሴት። እሳቸው ጎረምሳውና ኮረዳዋ ይሏቸዋል። እናትየዋን ወይዘሮዋ ያሏት በአረማመዷ ነው። «ባላባት ነው የምትመስል፤ መሬቱ የአባቷ ነው እኮ፣ እኛ ነን መጤ» አሉኝ። እኔ ልሮጥ ነው፤ እሳቸው ደግሞ የፈሰሰው ሽሮ አሳዝኗቸዋል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ጥዬ ወደ ድንጋይዋ ነው የምሮጠው። አያ ገላነህ ስለ ሦስቱ የሚያወሩት ስለ ጎረቤት እንደሚወራ ነው። «ዛሬ ጎረምሳው ሽኮኮ አባሮ ጉድ ሆነ፤ ሽኮኮዋ ስንጥቅ ውስጥ ገባችበት፣ እሱ ቁጥቋጦ ታቅፎ ቀረ» ይላሉ። «ኮረዳዋ ግን ልባም ናት፤ ሰስ ስታይ ሆዷን መሬት ላይ አድርጋ እስክትጠጋ ትንፋሿን ትይዛለች።» ዝንጀሮዎቹ ሲጮሁ ጆሯቸውን ያዘነብላሉ። ዝንጀሮ ውሻ ሲያይ እዚህም እዚያም እየተቀባበለ ይሳደባል፤ ነብር ሲያይ ግን መንጋው ባንድ አፍ ይጮሃል፣ እናቶቹም ልጆቻቸውን አዝለው ወደ ገደሉ ጫፍ ይወጣሉ። ይህን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ለየትኛው ጥቅሜ እንደሆነ ያን ጊዜ አላውቅም።

አንድ ቀን ወይዘሮዋ ሽኮኮ ይዛ መጣች። ሁለቱ ልጆች እየተሻሙ ሮጡባት። አስቀምጣ ዞረችና ጥርሷን አሳየቻቸው! ተኮራምተው ተኙ። ፊታቸው ብቻዋን በላች። እኔ ተናደድኩ። «ምን ዓይነት ጨካኝ እናት ናት!» አልኩ።

«ጨካኝ አትበያት» አሉኝ። «እስከ መቼ ታጉርሳቸው? አንቺስ ተማሪዎችሽን እስከ መቼ እጃቸውን ይዘሽ ታጽፊያለሽ? ልትለያቸው እያለማመደቻቸው ነው።» ትንሽ ቆይተው ደግሞ ሰንበሌጡን ከጥርሳቸው አወጡና «ተመልከቺ» አሉኝ። ወይዘሮዋ ተነስታ ሄዳለች፤ የሽኮኮዋን ኋለኛ እግር ግን ትታላቸዋለች። «ልቧ አልቆረጠም» አሉ፣ ፈገግ ብለው።

አያ ገላነህ ግልፍተኛ ነበሩ፤ ታዲያ ንዴታቸው የሌላ ሰው ዓይነት አልነበረም። እኔ ስናደድ ሰፈር ይሰማል። እሳቸው ሲናደዱ ድምፃቸው ይቀንሳል። በጣም ሲናደዱማ ሰው ተጠግቶ ካልሆነ አይሰማቸውም። ስለዚህ ስብሰባ ላይ እሳቸው ከተነሱ ሁሉም ሰው ሳያውቀው ወደፊት ይሳባል።

እንዲህ ያለው ስብሰባ መስቀል እንዳለፈ መጣ። ጎረምሳው የአለኸኝን በግ በላ። አለኸኝ የቀበሌው ሚሊሻ ነው፤ ክላሹን ወደ መጸዳጃ ሲሄድ እንኳ የማያወርድ ሰው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ከዋንዛው ሥር ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አለኸኝ ቆሞ «ፍቀዱልኝና እናትየዋን ልጣላት። ነብር የገደለ ወንድ በዚህ ቀበሌ ከጠፋ ስንት ዘመኑ!» አለ። ስለ በጉ ያነሳው አንዴ ነው፤ ስለ ወንድነቱ ግን ረጅም ንግግር አደረገ። የሚፈልገውን ሁላችንም አውቀናል። ጥምቀት ሲደርስ የነብር ለምድ ደርቦ ታቦት ፊት ሊፎክር ነው።

አያ ገላነህ ተነሱ። ሰው ወደፊት ተሳበ።

«ዋስ ያላት ትነካለች?» አሉ።

ሰብሳቢው ቄሰ ገበዙ «ማን?» አሏቸው።

«ወይዘሮዋ።»

ሳቅ ሆነ። ቄሰ ገበዙም ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው «አያ ገላነህ፣ ነብር እኮ ናት!» አሉ።

«ነብር መሆኗንማ ከእናንተ በፊት አውቃለሁ። ሰው ሲከሰስ ዋስ ይጠራል። እሷ አፍ ስለሌላት እኔ ልናገርላት። ዋሷ እኔ ነኝ። እሷም ትሁን ልጆቿ የሚበሉትን በግ ከበረቴ አውጥቼ እተካለሁ። እስከ ጥምቀት ስጡኝ። እስከዚያ ልጆቹ አደን ጨርሰው ይለያሉ፤ እሷም ወደ ቆላው ትወርዳለች። አሁን ብትገድሏት ግን እነዚያ ሁለቱ አደን ሳይችሉ ይቀሩና በየበረታችሁ ነው የሚሰማሩ።»

በዚያ አገር ዋስ ቀልድ አይደለም። ዋሱ ቃሉን እስከጠበቀ ድረስ ዋስ የተጠራለትን የሚነካ የለም፤ የነካ ሰው ዋሱን እንደመታ ነው የሚቆጠረው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ቄሰ ገበዙ «እንግዲህ ተቀብለናል» አሉ። አለኸኝም እንደ ሥርዓቱ ተነስቶ «ተቀብያለሁ» አለ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ተቀብያለሁ ብሏል!

እሺ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን ስሙ። አያ ገላነህ በዚያው ዕለት ጥሩ ጠቦት መርጠው ለአለኸኝ ሰጡት። እሰይ፣ ነገሩ አለቀ አልኩ። የት ያልቃል! መንደሩ ነገሩን ወደደው። ገደል የገባችም በግ፣ በበሽታ የሞተችም በግ፣ ጠፍታ ያደረችም በግ፣ ሁሉም የወይዘሮዋ ሆነ። «አያ ገላነህ፣ ያቺ ጉደኛ በግዬን ጨረሰቻት» ብሎ የሚመጣ በዛ። እሳቸው ማዶ ሲያዩ የዋሉ ሰው ናቸው፣ ነብሮቹ ከእርከኑ ንቅንቅ እንዳላሉ ያውቃሉ። ግን ያወጣሉ፣ ይሰጣሉ።

የገና ጾም ሊገባ ሲል ደግሞ አንዱ ጎረቤት ሙክት ተበላብኝ ብሎ መጣ። ሰውየው ይምላል፣ ይገዘታል። ቤቱ አጠገባችን ነው፤ ትናንትና የወጡ ሽታ እኔ ክፍል ድረስ መጥቶ ምራቄን ሲያስውጠኝ ነበር። የልጆቹ አፍ እስካሁን በስብ ያብለጨልጫል። አያ ገላነህ ሄደው ከጓሮው የተጣለ አጥንት አንስተው አሸተቱና «እንዴ! ወይዘሮዋ በርበሬ መጠቀም ጀመረች?» አሉት። ሰውየው ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ይኸው፣ አፈረ፣ ተመለሰ ስል፣ አያ ገላነህ በረታቸውን ከፍተው ሙክት አወጡለት! እሱም ተቀበለ! አንገቱን ይዞ እየጎተተ ሄደ!

እኔ እንደ እብድ ሆንኩ። «ምን ነክቶዎታል? ራሳቸው አርደው የበሉትን ይተካሉ? ሌቦች ናቸው እኮ!» ብዬ ጮህኩ።

«ቀስ በይ፣ ወይዘሮዋ ትሰማለች» አሉኝ። ድምፃቸው ሹክሹክታ ሆኗል። «ሌባ ብላቸው ዋሱ ካደ ይላሉ። ዋስነቴ ከፈረሰ አለኸኝ ክላሹን ያቀባብላል። እሱ የሚጠብቅ አንዲት ቃል ነው። እስከ ጥምቀት ምን ቀረው? ይብሉ።»

በረታቸው ሳሳ። እኔ ገናን እንኳ በደንብ አላከበርኩም፤ በሰፈሩ ቤት ሁሉ ስጋ ሲቀርብልኝ የማን በግ ይሆን እያልኩ አልዋጥ ይለኝ ነበር።

ገና አልፎ ጥምቀት ሊደርስ ሲል፣ አንድ ቀን ጧት ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ተኩስ ተሰማ። አንድ ጥይት ብቻ። ከዚያ ዝንጀሮዎቹ። ጠመኔው እጄ ላይ ተሰበረ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ እልልታ መጣ። ተማሪዎቼ በመስኮት ሳይቀር ዘለው ወጡ፤ እኔም ተከትዬ ሮጥኩ።

ወይዘሮዋን እግሯን በገመድ አስረው፣ በእንጨት አንጠልጥለው ያመጧታል። ጭንቅላቷ ተንጠልጥሎ መንገዱን ይጠርጋል። አለኸኝ ፊት ፊት እየዘለለ «ዘራፍ! ዘላ ስትመጣብኝ ባየር ላይ የቀለብኳት!» ይላል። ሴቶቹ ቅቤ አምጥተው አናቱ ላይ ይጭናሉ። እልል የሚሉት እነማን ናቸው? አያ ገላነህ በግ የተኩላቸው! ያ ሙክት የወሰደው ሰውዬ ደግሞ ከሁሉ በላይ ይፎክራል። አይ ሰው! እዚያው መሃል ቆሜ ስሳደብ፣ እየጨፈርኩ መስሏቸው ያጨበጭቡልኛል።

አያ ገላነህ አልመጡም። ፈልጌ ሳገኛቸው ከድንጋያቸው ላይ ናቸው፤ አልተቀመጡም፣ ቆመዋል። መዳፋቸውን ከፈት አድርገው አሳዩኝ። ቀለህ ነው፣ የተተኮሰ የክላሽ ቀለህ። ከድንጋይዋ ሥር ነው ያገኙት። ጧት እሳቸው ከብት ውሃ ሊያጠጡ ሲወርዱ ጠብቆ፣ ከራሳቸው መቀመጫ ላይ ተጋድሞ ነው የተኮሰው። ዘላ መጣችብኝ ይላል! እሷ ማዶ ነበረች፤ ፀሐይ እየሞቀች ተኝታ ነበር። ሁለቱ ልጆቿ እርከኑ ላይ ወዲህ ወዲያ ይላሉ፤ ጎረምሳው የተኛችበትን ቦታ ያሸታል፣ ኮረዳዋ ወደ ታች ታያለች። አያ ገላነህን ሳያቸው እንባቸው በጢማቸው ላይ እየወረደ ነበር። ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም።

በማግስቱ ከዋንዛው ሥር ተቀመጥን። አያ ገላነህ ቀለሁን ከሽማግሌዎቹ ፊት አስቀመጡ። ስለ ውሸቱም፣ ስለ ፉከራውም አንድ ቃል አልተናገሩም። የተናገሩት ይህን ብቻ ነው፤ እሱንም ለመስማት ቄሰ ገበዙ ሳይቀሩ ከወንበራቸው ተነስተው ተጠጉ።

«ዋስ ነበርኩ። ቃሌን አልበላሁም። አለኸኝ የመታው እኔን ነው። ካሣ አልፈልግም፣ ዕርቅም አልፈልግም። ሬሳዋን ስጡኝ።»

አለኸኝ ዘለለ። «ቆዳው የኔ ነው! ገዳይ እኔ ነኝ!» አለ። ቄሰ ገበዙ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሆኑና «ዝም በል! ተቀብያለሁ ብለህ የለ? ሬሳ የዋሱ ነው» ብለው ቆረጡት። ቅቤው ገና አናቱ ላይ ነበር፤ በፀሐዩ ቀልጦ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። እሱን ሳይ ትንሽ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ሥጋዋን ማዶ ተሻግረው እርከኑ ሥር ቀበሩ። ቆዳውን ግን አደረቁትና ጠቅልለው ከአልጋቸው ሥር አስገቡት። ለምን አብረው እንዳልቀበሩት ጠየቅኳቸው። «ብቀብረው ያወጣዋል። ለብሷት ይፎክራል» አሉኝ። «እኔ ቆሜ ወይዘሮዋን የሚለብሳት የለም።»

የሚያናድደው ደግሞ የቀረው ነው። እንዳሉት ሆነ። እናት የሌላቸው ሁለቱ ልጆች ርቧቸው መንደር ገቡ። ጥምቀት ገና አልደረሰም። ሰዎቹ ያለ አንዳች እፍረት እንደገና መጡ፤ እሳቸውም የተረፉትን በጎች እያወጡ ሰጡ። «ለማን ነው ዋስ የሆኑት? ሞታለች እኮ!» ብላቸው «ልጆቿም ብዬ የለ?» አሉ። ከጥምቀት በኋላ ዝንጀሮዎቹ ከወንዙ ታች፣ ራቅ ካለ ቦታ ሲጮሁ ሰማን። ጎረምሳውና ኮረዳዋ ተለያይተው ወደ ቆላው ወርደዋል። አያ ገላነህ በረታቸውን አዩት፣ ባዶ ነው። «ዋስነቴን ጨረስኩ» ብለው በሩን ክፍት ተውት።

እኔ ወደ ማርቆስ ከተዛወርኩ በኋላም በዓል በመጣ ቁጥር እሄድ ነበር። አልጋው ሥር ያለውን ጥቅል ግን አንድም ቀን አንስተነው አናውቅም።

አሁን ወደ ሰልስቱ ልመልሳችሁ። ዘላለም ቤት ሲያጸዱ ቆዳውን ያገኛል። ምስኪን፣ ያደገው ደምበጫ ነው፣ ምን ያውቃል? አጎቴ ለካ ጀግና ነበር ብሎ ኮርቶ አወጣው። የሚያውቁት የሰፈሩ ሰዎችስ? እነሱ ዝም አሉ! ነብር ገዳይ ከቀበሌያቸው መገኘቱ ደስ ብሏቸው ይሆናል፤ ወይ ደግሞ የበሉትን በግ ማስታወስ አልፈለጉም። ሁሉም አብሮ ያለቅሳል። እኔ አልቻልኩም። ሰው ገፍቼ መሃል ገባሁና «ዝም በይ፣ እትዬ ብርቄ! እሳቸው አልገደሉም!» አልኩ። አልቃሿ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ዘላለም ክንዴን ያዘኝ። «ቲቸር፣ በሐዘን ቀን ምን ነካሽ?» ይላል።

የረዳኝ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ራሱ አለኸኝ! ሸብቷል፣ ጎብጧል፣ ዓይኑም ደክሟል፤ ክላሹ ግን ዛሬም አልወረደችም። ለካ ሙሾው ሲወርድ ውስጡ ሲበግን ቆይቷል። ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ «እውነቷን ነው! ገዳይዋ እኔ ነኝ! እሱ ነብር ገድሎ አያውቅም!» አለ። ያን ሁሉ ዘመን የፎከረበት ሙያ ለሌላ ሰው ሲሰጥ አላስችል አለው። እውነቱ በእፍረት አልወጣም፣ በቅናት ወጣ። ቀጠለና «ዋሱ ሞቷል። ዋስ ከሌለ ቆዳው ለገዳዩ ነው። ይመለስልኝ!» አለ።

ሽማግሌዎቹ ማጉረምረም ጀመሩ። አንዱ «እንዲያው በሕጉ ከሄድን...» አለ። በሕጉ! ገና የሰውየው መቃብር አፈር አልደረቀም፣ አለኸኝን ሊያለብሱት ነው! አያ ገላነህ ያን ሁሉ በግ ያወጡት ለዚህ ነው? እኔ ብቻ ነኝ የምጮኸው መሰለኝ። ግን ልጮህ አፌን ስከፍት ድምፄ ጠፋ። ሹክሹክታ ብቻ ነው የወጣው። ሰው ሁሉ ወደፊት ተሳበ።

«ዋሷ እኔ ነኝ» አልኩ።

«ሴት ዋስ?» አለ አለኸኝ፣ ዙሪያውን እያየ እንዲስቁለት።

«እሷስ ሴት አልነበረችም?» አልኩት።

የሳቀ የለም። ቄሰ ገበዙ አርጅተው በሰው ድጋፍ ነው የሚቆሙት። በመቋሚያቸው ወደ ቆዳው አመለከቱና «አውርዱላት» አሉ። እትዬ ብርቄም ሙያዋ ሙያ ነው፣ ጊዜ አልፈጀባትም፦

«በረቱን አራግፎ ለአውሬ የቆመላት፣
የነፍሳችን ዋስ የት ነው፣ የዚያን ቀን ሲመሽባት!»

ያን ጊዜ ነው በደንብ የተለቀሰው። በጎቹን የበሉትም አለቀሱ። ይልቀሱ፣ ይገባቸዋል።

በነጋታው ቆዳውን ይዤ ወደ ድንጋይዋ ወረድኩ። ደረቅ የጽድ ጭራሮ ሰብስቤ እሳት አነደድኩና አስቀመጥኩት። አለኸኝ ዱላውን እየተመረኮዘ መጣ። «አስተማሪዋ፣ በሞቴ፣ ጅራቷን እንኳ ስጪኝ» አለኝ። «ነብር ገድያለሁ ስላቸው ልጆቼ ይስቁብኛል።» «ደግ አደረጉ» አልኩትና እሳቱን ቆሰቆስኩ። ቆዳው ተጨማደደ፣ ጠቆረ፣ ከጥይቷ ቀዳዳ ጀምሮ ተበላ። አለኸኝ እስኪያልቅ ቆሞ አየ።

ሊሄድ ሲዞር ማዶ ዝንጀሮዎቹ ጮሁ። መንጋው ባንድ አፍ። ቀና አልኩ። እናቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው ወደ ገደሉ ጫፍ ይሮጣሉ። እርከኑ ላይ ድንጋይ ብቻ ነው የሚታየኝ።

አለኸኝ ቆመ። እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ በደከመ ዓይኑ ወደ ማዶ አየ፤ ሌላው እጁ የክላሹን ማንገቻ ይዟል።

«ምን አይተው ነው?» አለኝ።

«ውሻ ነው» አልኩት።